አራተኛ ፎቅ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል

ሞንፍሬ፣ መጋቢት ማለቂያ

ለወንድሜ፤

እንዴት ሰንብተሃል? ባለቤትህ እንዴት ናት? ልጆቹስ አደጉ? እኔ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደህና ነኝ፤ ለዚህም እግዚአብሔር ይመስገን። በረዶው ገና አልለቀቀንም፤ ጣሪያ ላይ ያለው ግን ከሰዓት በኋላ መንጠባጠብ ጀምሯል። የጤናውና የአየሩ ወሬ ይህን ያህል ይብቃህ። ከዚህ በታች ያለውን ስታነብ ልጆቹ አጠገብህ አይሁኑ። ፊትህ ሲለዋወጥ እንዲያዩ አልፈልግም፤ እነሱ ምን አደረጉኝ?

በስልክ ያልነገርኩህ ፈርቼህ አይደለም። ስልክ ላይ እንደምጮኽ ታውቃለህ። ስጮኽ ዝም ትለኛለህ፤ ዝም ስትለኝ የባሰ እጮኻለሁ፤ ከዚያ አንዳችን በሌላችን ጆሮ ላይ እንዘጋለን። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፍልህ ወሰንኩ። ሳትጨርስ ብትቀድደው ግን አውቅብሃለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ሶላንዥ አስጠራችኝ። «አታውቃትም» ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ለካስ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃታለህ። በአባታችን መስክ ላይ የተገተረውን ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ የምታስተዳድረው ሴትዮ ናት። እኔ የእሷ ጽዳት ሠራተኛ ከሆንኩ ይኸው ሁለተኛ ክረምቴ ነው። እንዴት የጽዳት ሠራተኛ እንደሆንኩ ታውቃለህ፤ ቢሆንም እጽፈዋለሁ፤ ስጽፈው ትንሽ ይቀለኛል።

ያ የሪል እስቴቱ ሰውዬ የዛሬ አራት ዓመት በሚያብለጨልጭ ጫማው ጭቃችንን እየረገጠ ሲመጣ፣ እኔ ሻይ እንኳ ሳላቀርብለት ነበር የሸኘሁት። በሳምንቱ አንተ ከሊዮን ከተፍ አልክ። እማዬ አጠገብ ተቀመጥክና እጇን ይዘህ፣ «እማዬ፣ ሣሩ ለማን ይሆናል? እትዬ ብቻዋን እስከ መቼ ታጭዳለች?» አልካት። እኔ ከምድጃው አጠገብ ሆኜ፣ «እስክሞት አጭዳለሁ» አልኩህ። ሳቅክብኝ። «እኔም እኮ የፈራሁት እሱን ነው» አልክ። እማዬን ከዚህ ከገደል ከመሰለ ደረጃ እንደምታወጣት፣ እርጅናዋን እንደምታሳርፋት፣ ስንቱን ተናገርክ! እማዬ የአንተን አፍ እያየች ፈረመች። እሷ ከፈረመች እኔ ብቻዬን ምን እሆናለሁ? ፈረምኩ።

ያ የተሸጠው የታችኛው መስክ ከሌለ ደግሞ ድርቆሽ የለም፤ ድርቆሽ ከሌለ አሥራ አንድ ላም በረት ውስጥ አይከርምም። ይህን ለማወቅ ሊዮን ሄዶ መማር አያስፈልግም ነበር። አንድ ክረምት ድርቆሽ እየገዛሁ ገፋሁት። በተከታዩ መከር የጭነት መኪና መጥቶ ወሰዳቸው። ማርኪዝን ታስታውሳታለህ? ያቺ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት። አልወጣም ብላ እግሯን ተከለች። እኔ ነኝ ከኋላ በትከሻዬ የገፋኋት። ዞር ብላ አየችኝ። በሳምንቱ የሶላንዥን ባልዲና መወልወያ ተቀበልኩ። በገዛ መሬቴ ላይ የሰው ሽንት ቤት አጥባለሁ። እሺ፣ ይህን ጨረስኩ።

ወደ ማክሰኞው ልመለስ። ሶላንዥ፣ «ክሎቲልድ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለውን የኋላውን ቤት አጽጂልኝ። ባለቤቱ ሊሸጠው ነው፤ ሐሙስ ዕለት ገዢዎች ከለንደን ይመጣሉ» አለችኝ።

«እዚያ ቤት ሰው ገብቶ ያውቃል እንዴ?» አልኳት፤ ሁልጊዜ ተዘግቶ ነው የማየው።

«አንድ ጊዜ። ጥር ላይ ሦስት ቀን» አለችና ሳቀች። «አይ ሰውዬው፣ ጉደኛ ነው! በበረዶ ሸርተቴ አልተንሸራተተ፣ ምግብ ቤት አልወረደ። ‹ዳቦ በር ላይ አስቀምጡልኝ› ብሎ ተከርችሞ ሰነበተ። ሲገዛም እንዲሁ ነበር። ሁሉም ገዢ በተራራው በኩል ስጡኝ እያለ ሲሻማ፣ እሱ ‹የኋላውን፣ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ያለውን ስጡኝ› አለን። ‹ኧረ ጌታዬ፣ ከዚያ ተራራው አይታይም› ብንለው፣ ‹ተራራ አይቼ ነው ያደግሁት› አይለን መሰለሽ! ከዚያማ መታጠቢያ ቤቱን አፍርሱ፣ በሩን አስፉ፣ ምድጃውን ቀይሩ... ሠራተኞቹን አሳበዳቸው።» ቁልፉን ስትሰጠኝ ወረቀቱን አየት አደረገችና፣ «ለነገሩ የቤተሰብ ስማችሁ አንድ ነው። ዘመድሽ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«እዚህ አካባቢ ግማሹ ሰው በዚህ ስም ነው የሚጠራው» አልኳት። ወረቀቱን ግን አይቼዋለሁ። የአንተ ስም ነው። ፊርማህም አለበት፤ ያ ጅራቱን የምታስረዝመው ፊርማህ።

አሳንሰሩ ውስጥ ስገባ ባልዲው ከእጄ ወደቀ። ከንዴት ነው፤ ሌላ እንዳይመስልህ። የአባቱን መሬት ሸጦ፣ እህቱን ባልዲ አስይዞ፣ ከዚያ ተደብቆ እዚያው ላይ የቅንጦት አፓርታማ የሚገዛ ሰው! ሀብታም ጓደኞችህን እያመጣህ ልትንሸራተት ነው? «ይህ የአባቴ ርስት ነበር» እያልክ ወይን ልትቀዳላቸው ነው? በሩን እስክከፍት ድረስ ይህን ሳስብ ነበር። ስድቡንም እያዘጋጀሁ ነበር፤ ቆንጆ ቆንጆ ስድብ።

ከፈትኩ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፤ ደንቡ ነው። ወለሉ ከሥር ይሞቃል። በካልሲ ቆሜ ያ ሙቀት እግሬ ውስጥ ሲገባ ይበልጥ ተናደድኩ። እማዬ ደረጃ መውጣት አቅቷት ሁለት ክረምት ወጥ ቤት ውስጥ ምድጃ ሥር ነው የተኛችው። በየሌሊቱ እየተነሳሁ እንጨት እጨምርላት ነበር። እዚህ ደግሞ ማንም የማይረግጠው ወለል ብቻውን ሲሞቅ ይከርማል።

ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገባሁ።

በሌሎቹ ቤቶች መታጠቢያው ውስጥ ለመግባት እግር ማንሳት ያስፈልጋል። የአንተ ደፍ እንኳ የለውም፤ ወለሉ እኩል ነው። ግድግዳው ላይ የእጅ መያዣ ብረት ተተክሏል፤ አንዱ ከመቀመጫው አጠገብ፣ አንዱ ከውሃው ሥር። ያዝኩት። ለእኔ ዝቅ ይላል። ከውሃው ሥር ደግሞ ተቀምጦ መታጠቢያ ወንበር አለ። መኝታ ቤት ገባሁ፤ አልጋው ከጉልበቴ አይበልጥም። ወጥ ቤት ገባሁ፤ የጋዝ ምድጃ። በዚህ ሕንፃ ከአንተው ጋር ሃያ ሁለት ቤት አጸዳለሁ፤ ሃያ አንዱ ያ ጥቁር መስታወት የመሰለ ምድጃ ነው ያለው። እማዬ አንተ ቤት ሊዮን ስትመጣ አይታው፣ «እሳት ሳይታይ የሚያቃጥል ነገርማ ሰይጣን ነው» ብላ እጇን ሰብስባ የተቀመጠችበት ዓይነት። የአንተ ግን ጋዝ ነው። ማብሪያው ትልቅ ነው፤ ጣቱ በቁርጥማት የታሰረ ሰው እንኳ ሊያዞረው ይችላል።

ይህን ሁሉ ለማን እንዳሠራኸው አልጠይቅህም። እንዳትነግረኝ! ሰምተሃል? ጽፈህም እንዳትልክልኝ።

ሳሎኑ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ በላስቲክ እንደተሸፈነ ነው። አንድ ወንበር ብቻ ላስቲኩ ተገፎ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ወጥ ቤት ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ባለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የዳቦ ቤት ከረጢት አገኘሁ። ደረሰኙ ተጣብቆበታል፦ ጥር አሥራ ሰባት፣ ጠዋት። ዳቦው እንደ ድንጋይ ደርቆ ውስጡ ነበር፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልተገመጠም። ጥር አሥራ ሰባት ምን ቀን እንደነበር ልንገርህ ወይስ ታስታውሳለህ?

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና በመስኮቱ አየሁ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ከነደረጃው፣ ከዚያ መቃብሩ፣ ከዚያ ከፍ ብሎ የእኛ ቤት። እማዬ ላይ ያለው አፈር አሁንም ከሌላው ጠቁሮ ይታያል። ከወንበሩ እስከዚያ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። አሳንሰሩን ጨምሬ ነው።

እኔ ደግሞ አንተ መንገድ ተዘግቶብህ መስሎኝ! እማዬ ያረፈች ዕለት የደወለልህ ጎረቤታችን ሽማግሌው አንሰልም ነው። ተመልሶ መጥቶ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ፣ «የበረዶ ናዳ መንገዱን ዘግቶታል አለ፤ ሊደርስ አይችልም» አለኝ። አመንኩት። የላክኸውን አበባ ያመጣው መኪና በየት በኩል እንደመጣ እንኳ ሳልጠይቅ አመንኩ። መንደሩ ሁሉ፣ «ምስኪን፣ እናቱን ሳይቀብር ቀረ» ብሎ አለቀሰልህ። ለአንተ! አባ በስብከታቸው መሃል፣ «በመንገድ የቀረውን ልጇን ያጽናና» ብለው ጸለዩልህ፤ እኔም አሜን አልኩ። አፌን ሞልቼ አሜን ያልኩት አሁን ሲታወሰኝ አፌን መታጠብ ያምረኛል።

አራት ሰው ነው የተሸከማት። ከፊት በቀኝ በኩል የልጅ ቦታ ነው፤ የሚይዘው ጠፍቶ አንሰልም በሰማንያ ዓመቱ ገባ። ደረጃው ላይ ሲደርሱ በረዶው አዳለጠውና ሬሳ ሣጥኑ ወደ ጎን ዘመመ። ሰው ጮኸ። ሮጬ በትከሻዬ ደገፍኩት። እስከ ዛሬ ትከሻዬ ላይ ምልክቱ አለ። ያንንም አይተሃል ማለት ነው። ከላይ፣ ከሞቀ ወለል ላይ፣ በመስኮት። አየህና ተቀመጥክ? አንተ ከድንጋይ ነው የተሠራኸው?

መስታወቱ ላይ ወዛም ምልክት ነበረ፤ ግንባር ተደግፎበት የቆየ የሚመስል። ቤቱን በሙሉ አጸዳሁ፤ ሥራዬ ነው። እሱን ግን አልነካሁትም። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ይኸው ደግሞ መልስህ እየታየኝ ነው። አንተ በጨዋነትህ አትለውም፤ ስለዚህ እኔው ልበልልህ፤ ከአንተ አፍ ከምሰማው ይሻለኛል።

ጥቅምት ላይ ደውለህልኝ ነበር። ድምፅህ የልጅነት ድምፅህን ይመስል ነበር፤ የሆነ ነገር ከኋላህ ደብቀህ «ገምቺ» የምትለኝን ጊዜ። «እትዬ፣ እሑድ እመጣለሁ። እማዬን ደግፈሽ ወደ አዲሱ ሕንፃ ይዘሻት ነይ፤ የማሳያችሁ ነገር አለ» አልከኝ። ያን ዕለት ጠዋት የላሞቹን ባዶ በረት ለመኪና ማቆሚያ ሊከራዩ የመጡ ሰዎች አባርሬ ነበር የገባሁት። ምን እንዳልኩህ አልረሳሁም። «በአባታችን መሬት ላይ የሠራችሁትን ጉድ ልታሳያት ነው? እሷም እኔም ከእንግዲህ ዓይንህን ማየት አንፈልግም። በቀብሯ ላይ እንኳ ብትመጣ በሰው ፊት አባርርሃለሁ» አልኩህ። አንተ፣ «እሷም እንዲህ አለች?» ብለህ ጠየቅከኝ። እኔም፣ «አዎ» ብዬ ዘጋሁት።

እማዬ ከወጥ ቤት፣ «ማን ነው? ማን ላይ ነው እንዲህ የምትጮኺው?» አለችኝ።

«የመብራት ቆጣሪ የሚያነቡት ናቸው» አልኳት።

«እንዲያው እነሱም ሰው ናቸው፤ ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው» አለች፤ ወደ ሹራብ ሥራዋ ተመለሰች። ሹራቡ ለማን እንደሆነ ታውቃለህ፤ በእሽግ የላክሁልህ እሱ ነው። እጅጌው ያላለቀው እኔ መጨረስ ስለማልችል ነው።

እሑዱም አለፈ፤ ጥርም መጣ፤ አንድ ጠዋት ምላሷ ተሳሰረ፤ በሦስተኛው ቀን አረፈች። ከአፏ የወጣው የመጨረሻው የሚሰማ ቃል የአንተ ስም ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም። ለአንሰልምም፣ ለአባም።

አሁን ግን አንድ ነገር መልስልኝ። ሰው ተናዶ የተናገረውን እንደ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቃል በቃል የሚፈጽም ምን ዓይነት ደደብ ነው? ልጆች ሳለን በቀን ሃያ ጊዜ «ሂድ ከዚህ ጥፋ» እልህ አልነበረም? መቼ ሄደህ ታውቃለህ? በረት ብገባ በረት፣ ወንዝ ብወርድ ወንዝ፣ ቀሚሴን ይዘህ ትከተለኝ አልነበረም? ያኔ አንድ ቀን እንኳ ሳትሰማኝ ኖረህ፣ በዕድሜህ አንዴ ልትሰማኝ የመረጥከው ያን ቀን ነው? መጥተህ ቢሆንስ ምን አደርግህ ነበር? እጮህብህ ነበር። መሃረቤን እወረውርብህ ነበር። ከዚያ ደግሞ የፊቱን በቀኝ በኩል ትይዝ ነበር፤ እኔም ከኋላህ እከተል ነበር። አለቀ። ይህን ለማወቅ አርባ ስድስት ዓመት አልበቃህም?

ጭራሽ ደግሞ መንገድ ተዘጋ ብለህ ዋሸህልኝ። ሰው፣ «ምን ብላው ነው የቀረው?» ብሎ ወደ እኔ እንዳይዞር ነው፤ ገብቶኛል። ውለታ የዋልክልኝ መስሎሃል። እንዲህ ያለውን ውለታህን አልፈልግም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ይኸውልህ፣ ወደ ሐሙሱ ልምጣ፤ ሶላንዥ ደውላ ሳትነግርህ አትቀርምና ከእኔም ስማው። የለንደን ሰዎች፣ ባልና ሚስት፣ ከነጫማቸው ዘው ብለው ገቡ። ሴትየዋ የመታጠቢያ ቤቱን ብረት አየችና ለባሏ አንድ ነገር አለችው፤ ሳቁ። ሶላንዥም አብራ ሳቀችና፣ «እነዚህማ በአንድ ቀን ይነቀላሉ» አለቻቸው።

እኔ ኮሪደሩ ላይ ፎጣ እያጠፍኩ ነበር። ፎጣውን አስቀመጥኩና፣ «ይህ ቤት አይሸጥም» አልኩ።

ሶላንዥ ዞራ፣ «ክሎቲልድ፣ ምን ነካሽ? ሥራሽን ሥሪ» አለችኝ።

«አይሸጥም አልኩ። ብረቱንም ማንም አይነቅለውም።»

«አንቺ ማን ስለሆንሽ ነው?»

«የባለቤቱ ታላቅ እህት» አልኳት።

 እንግሊዞቹ ምን እንደተባለ ባይገባቸውም ወደ በሩ ፈቀቅ ፈቀቅ ማለት ጀመሩ፤ ፊቴን አይተው ይሆናል። ሶላንዥ ከሥራ ታባርረኝ አታባርረኝ ገና አልታወቀም። ቁልፉን ግን አልመለስኩላትም፤ አሁን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ከፊቴ ነው።

ታረቀችኝ ብለህ እንዳትፈነድቅ። ሕንፃውን እጠላዋለሁ፤ መስኩን መልስልኝ ብልህ እንደማትችልም አውቃለሁ፤ ይህ እስክሞት አይለቀኝም። ትናንት ግን ሥራ ጨርሼ፣ ጉልበቴን ስላመመኝ፣ እዚያ አልጋ ላይ ትንሽ ጋደም አልኩ። ፍራሹ ወገብ ይይዛል። መብራቱ ተኝተህ እጅህ የሚደርስበት ቦታ ነው። ተኝቼ አንገቴን ሳዞር ቤታችን ታየኝ። ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ የሰቀለችው መጋረጃ እንኳ ይለያል። እማዬ ጠዋት ነቅታ ይህን ብታይ... ተወው። ረጅም ሰዓት ተኛሁ። ስነሳ ትራሱን መቀየር ነበረብኝ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ የእማዬ መቃብር ድንጋይ ይቆማል። መንደሩ ሁሉ ይመጣል። ትመጣለህ። መንገዱ ክፍት ነው፤ ራሴ ጠይቄያለሁ። ልጆቹንም አምጣቸው፤ ጫማቸው ወፍራም ይሁን።

በሰው ፊት አባርርሃለሁ ያልኩህ ቃሌ ግን እንዳለ ነው። ሳይህ ምን እንደምሆን እኔም አላውቅም፤ አባርርሃለሁ፣ እሳደባለሁ፣ አንሰልምም ሊይዘኝ አይችልም። አንተ ግን እንዳትሄድ። ምንም ብልህ እንዳትሄድ።

እግዚአብሔር ቤትህን በሰላም ይጠብቅ፤ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፤ ጤናህን አይንሳህ።

ገና ያልበረደላት

እህትህ